የክብርት ኢንጂነር ኦቲሊያ ሁለት በመቶ

በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ፣ ሊፍቱ ይሥራም ይበላሽ፣ አንድ መርማሪ አይጠፋም። የሾመው የለም፣ ደመወዝ የለውም፣ ሥልጣኑን ግን የሚጠራጠር ሰው ገና አልተወለደም። ሌላው ሰው ለጠየቀው ሁሉ እጁን ሲዘረጋ፣ እሱ ተቀባዩን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ሳይመረምር አያልፍም። ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲዋጣ መሰላል ተውሶ ጣሪያው ላይ የሚወጣው እሱ ነው። የበጎ አድራጎት ማኅበር የበዓል ካርድ ሲሸጥ፣ ካርዱን አሽትቶ «ቀለሙን የሚሠራው ማን ነው?» የሚለውም እሱ ነው።

እኛ ብሬዝኖ ከተማ፣ ከህሮን ወንዝ ማዶ፣ ግራጫው ሕንፃ ውስጥ የምንኖር ሰዎች መርማሪያችን ክብርት ኢንጂነር ኦቲሊያ ቤድናሮቫ ናቸው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያን ሊያንኳኳ ደርሷል፣ ቁመታቸው ከመግቢያው የፖስታ ሳጥን ብዙም አይበልጥም፣ ድምፃቸው ግን ምድር ቤት ድንች የሚያራግፈውን ሰው «አቤት!» ያሰኘዋል። በደወላቸው ላይ ከስማቸው በፊት «ኢንጂነር» ተብሎ ተጽፏል። አንድ አዲስ ፖስተኛ «ወይዘሮ ቤድናሮቫ» ብሎ ቢጠራቸው፣ በሩ እስኪከፈትለት ጡረታ ሊወጣ ምንም አልቀረውም ነበር።

ክብርትነታቸው በሥራ ዘመናቸው ድልድይ ፈታኝ ነበሩ። አዲስ ድልድይ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት፣ ጠጠር ጢም ብለው የሞሉ የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ይወጡበታል። ከንቲባው ዳር ቆሞ ላቡን ይጠርጋል፣ ሙዚቀኞቹ መለከታቸውን ታቅፈው ይጠብቃሉ፣ ኢንጂነር ኦቲሊያ ደግሞ ከድልድዩ ሥር መለኪያቸውን ተክለው፣ አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው «ጫኑበት!» ይላሉ። ያ ቃል ከጡረታ በኋላም ከአፋቸው አልጠፋም። ለስብሰባ አዳራሹ አዲስ ወንበር ስንገዛ «ጫኑበት!» አሉ። የሁለተኛ ፎቋ ልጅ ስታገባ ደግሞ ሙሽራውን ከላይ እስከ ታች ካዩት በኋላ፣ በአማቱ ጆሮ «ጫኚበት!» ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ መንግሥት ከደመወዛችን ከወሰደው ግብር ሁለት በመቶውን «ለእገሌ ማኅበር ይሁንልኝ» ብለን እናዝዛለን። ከኪሳችን የሚወጣ የለም። ስም ካልጠራን እዚያው መንግሥት ዘንድ ይቀራል። ከኪስ የማይወጣ ነገር ደግሞ ማንንም አያሳስብም፤ ሰዉ ሊፍት አጠገብ መጀመሪያ ላገኘው ጠያቂ ፈርሞ ወደ ሾርባው ይሮጣል። ሊፍት አጠገብ መጀመሪያ የሚገኘው ምንጊዜም የሦስተኛ ፎቁ ኮርኔል ነበር። የልጅ ልጁ የበረዶ ላይ ሆኪ ይጫወታል። ኮርኔል የክለቡን ስም የያዙ ወረቀቶች በብብቱ ሸጉጦ፣ በአንድ እጁ ከረሜላ ያድላል፣ በሌላው ብዕር ያቀብላል።

ኢንጂነር ኦቲሊያ ይህን ለዓመታት አይተው ዝም አሉ። አንድ ቀን በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ፣ ስለ ምድር ቤቱ እርጥበት እየተጨቃጨቅን ሳለ፣ ብድግ አሉ።

«ሆኪው ወላጅ አለው» አሉ። «አያትም አለው፤ ይኸው ከረሜላ ይዞ ተቀምጧል። በኢንተርኔት ዕውቀታቸውን በነፃ የሚያካፍሉት ሰዎችስ ማን አላቸው? የወፉን ድምፅ የሚቀዱት፣ መዝገበ ቃላቱን የሚጽፉት፣ ካርታውን የሚያርሙት? ልጃችሁ የቤት ሥራ ሲከብደው የምትሮጡት ወደ እነሱ ነው። ነገሩ ካለፈ በኋላስ ማን ያስታውሳቸዋል?»

«ክብርት ኢንጂነር፣ እነሱማ እንደ አሸን ናቸው» አለ ኮርኔል። «ግማሹ አጭበርባሪ ነው። የትኛው እንደሚገባው በምን ይታወቃል?»

ኮርኔል ያን ቀን ምን ዓይነት በር እንደከፈተ ዛሬም ድረስ አልገባውም። የኢንጂነሯ ፊት እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

«እሱን ለእኔ ተዉት» አሉና ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ በየሚያዝያው፣ በመግቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከጭስ ማውጫ ጠራጊው ማስታወቂያ ጎን ትናንሽ ወረቀቶች ይለጠፋሉ። በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ድረ ገጽ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ «ይሸከማል» ወይም «አይሸከምም» የሚል ቃል ይጻፋል። ማብራሪያ የለም፤ ይግባኝም የለም። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተከተለ። አሁን የጎረቤት ሕንፃዎች ነዋሪዎች ሳይቀሩ ውሻቸውን ሊያናፍሱ የወጡ መስለው እየመጡ በመስታወቱ አሻግረው ያነባሉ።

ምርመራው ግን እንዴት ያለ ምርመራ መሰላችሁ! የወፍ ድምፅ የሚሰበስብ ማኅበር ነበር። ኢንጂነሯ በሚያዝያ ማብቂያ አንድ ቀን ማለዳ መስኮታቸውን ከፈቱ፣ ድምፅ ማጉያቸውን ደፉ ላይ አስቀመጡ፣ «ይህ ድምፅ የቢጫው የጫካ ወፍ ነው ካላችሁ ወፉ ራሱ ይመስክር» ብለው ቁልፉን ተጫኑ። ሕንፃው በሙሉ በፉጨት ተሞላ። ሁላችንም በሌሊት ልብሳችን ወጥተን በረንዳ ለበረንዳ ስንሰዳደብ፣ ከወንዙ ዳር ዛፎች አንድ ወፍ በርሮ መጣ። ወርቅ የተነከረ ይመስል ነበር። በኮርኔል በረንዳ ላይ በተሰጣው የሆኪ ማሊያ ላይ አረፈና አንገቱን ቀና አድርጎ መልስ ሰጠ። ስድባችን አፋችን ላይ ቀረ። ስንት ዓመት ኖሬበት፣ እንዲህ ያለ ፍጥረት ከመስኮቴ ሥር መኖሩን አላውቅም ነበር። ኮርኔል ለማሊያው እንኳ አልተጨነቀም፤ ወፉ እንዳይሄድ ብሎ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆሞ ነበር። በማግስቱ «ይሸከማል» ተለጠፈ።

ስለ ዕፅዋት የሚጽፍ ሌላ ገጽ ደግሞ አንድ ቅጠል አፍልቶ መጠጣት ለጉልበት፣ ለልብና ለትዳር ጭቅጭቅ ይበጃል ይላል። ኢንጂነሯ «ይህን ያረጋገጠው ሰው ስሙ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። «በሺህ የሚቆጠሩ ደስተኛ አንባቢዎች» የሚል መልስ መጣ። «ሺህ ሰው ፈረመ ማለት ማንም አልፈረመም ማለት ነው» ብለው አሰናበቱት። የፈረሱ ግንቦችን ታሪክ የሚጽፈው ገጽ ደግሞ በቀይ ቀለም «ነገ ልንዘጋ ነው! ዛሬውኑ ድረሱልን!» እያለ ያለቅሳል። በዓመቱም ያንኑ አለቀሰ፣ በሚቀጥለውም ዓመት። «ነገ እዘጋለሁ ያለ ይዝጋ እንጂ!» አሉ ክብርትነታቸው። «ሰው እኮ ሲጠብቅ ይደክመዋል።»

ያስገረመኝ ግን በጎ ፈቃደኞች የሚጽፉት የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ነገር ነው። ኢንጂነሯ ራሳቸው የፈተኑት ድልድይ የተሠራበት ዓመት ተሳስቶ አገኙትና አረሙት። ወዲያው ኮሺትሴ ከተማ የሚኖር አንድ የማያውቁት ሰው መልሶ አጠፋው። «ማስረጃ?» አላቸው። «ከሥሩ ቆሜ ነበር!» ብለው ጻፉለት። «ከሥሩ መቆም ማስረጃ አይደለም» አላቸው። እንግዲህ ጉድ ፈላ! ለሳምንታት በአምስተኛ ፎቅ በኩል የሚያልፍ ሰው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነው የሚያልፈው። ሰውዬው ግን በዕረፍቱ ጊዜ መዝገብ ቤት ድረስ ሄዶ፣ የፈተናውን ሰነድ ከነፊርማቸው አገኘው፣ ዓመቱን አስተካክሎ «ልክ ነበሩ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ጻፈ። እኔ ድራሹን ያጠፉታል ብዬ ስጠብቅ «ይሸከማል» ለጠፉለት። አሁን ለገና የማር ብስኩት ይላላካሉ። ክብርትነታቸውን «ማስረጃ?» ብሎ በሕይወት የተረፈ ሰው እሱ ብቻ ነው።

እኔ ለከተማችን ጋዜጣ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሚኒስትር ፊት ቆሜ ጠይቄያለሁ። ኢንጂነር ኦቲሊያን ደረጃ ላይ ሳገኛቸው ግን እጄ ሳላዘው የሸሚዜን አንገትጌ ያስተካክላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታዲያ ጣጣው የራሴ ጓደኛ ላይ መጣ። ኢምሪህ ቫላህ የጥርስ ሐኪም ነው፤ አብረን ነው ያደግነው። በተራሮቻችን ላይ ያሉትን ምንጮች ሁሉ የሚመዘግብ ድረ ገጽ አቋቁሟል። ፀደይ ሲገባ ሰዎች አካፋ ይዘው ይወጣሉ፣ ምንጩን ከቅጠልና ከጭቃ ያጸዳሉ፣ ኩባያውን በሰንሰለት ይሰቅላሉ፣ ወርደው መዝገቡ ላይ ይጽፋሉ፤ ውሃ አለው ወይስ የለውም፣ ኩባያው አለ ወይስ ተሰርቋል። ልጅ አስከትሎ ተራራ የሚወጣ ሰው ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ የሚወስነው ያን አይቶ ነው። ኢምሪህ ወጪውን ከክሊኒኩ ሲሸፍን ኖሮ ነበር፤ ክሊኒኩን ሊዘጋ ሆነ። ያን ዓመት የሁለት በመቶ ድጋፍ ካላገኘ መዝገቡ ይጠፋል፣ ስንት ሰው ስንት ዘመን በእግሩ የለቀመው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

«አልፎንዝ፣ ወንድሜ፣ ለሴትዮዋ ንገርልኝ» አለኝ። «አንተን ይሰሙሃል።»

«እኔን? እኔን የሚሰሙኝ ጠርሙስ በስህተት የወረቀት መጣያው በርሜል ውስጥ ስጥል ብቻ ነው።»

ቢሆንም ነገርኳቸው። ደረጃው ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ደካማው ምንጩ የትኛው ነው?» አሉኝ።

ለኢምሪህ ደወልኩ። «ደካማ የለኝም!» ብሎ ጮኸ። ስህተቱ ከዚያ ጀመረ። ኢንጂነሯ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አንብበው ራሳቸው መረጡ። የወፍጮ ድንጋይ ምንጭ ይባላል፤ ከጫካው በላይ ነው። ከሥሩ «በሰው ትዝታ ደርቆ አያውቅም» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ደርቆ አያውቅም!» አሉ፣ ጣታቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ደግነው። «እንዲህ አፍ ሞልቶ የተናገረማ ይጫንበት። ቅዳሜ እንወጣለን፣ አቶ ጋዜጠኛ። ጫማዎ ያፈስሳል?»

በዚያ ዓመት በረዶ የሚባል ነገር ሳይወርድ ነው ብርዱ ያለፈው። እኔ ይህን ለጋዜጣው ጽፌ ነበር፤ ምንጮቹን የሚሞላው የቀለጠ በረዶ መሆኑን ግን አላሰብኩም።

ቅዳሜ ሽቅብ ወጣን። እሳቸው በሁለት ከዘራ ከፊት፣ እኔ ባዶ እጄን ሆኜ እያለከለክሁ ከኋላ። ኢምሪህ ቀድሞን ደርሶ ምንጩ አጠገብ ቆሟል። ፊቱ ቀልቷል፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሴትዮዋን ፈርቶ ነው አልኩ። ውሃው ግን ከድንጋዩ መሐል ኩልል ብሎ ይወርዳል! ኢንጂነሯ ኩባያውን ከሰንሰለቱ ሳያወልቁ ሞልተው ተጎነጩ፣ አፋቸው ውስጥ አቆዩት፣ ዋጡት። ደግመው ቀዱ።

«ዶክተር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይህ ምንጭ ከተማ ወርዶ ያውቃል?»

«እንዴት ማለትዎ ነው፣ ክብርት ኢንጂነር?»

«ክሎሪን ክሎሪን ይላል።»

«ዐለቱ ነው… ማዕድን አለው…»

«ማዕድን» የሚለው ቃል ከአፉ ሳያልቅ ውሃው ቀጠነ። ክር አከለ፣ ጠብ ጠብ አለ፣ ቆመ። ከቁጥቋጦው ጀርባ የባዶ በርሜል ጉርጉርታ ተሰማ። ዞር ብዬ ሳይ በቅጠል የተሸፈነ ሰማያዊ በርሜልና በድንጋይ ሽበት ሥር የተቀበረ የጎማ ቱቦ አየሁ። ክው አልኩ።

እኛ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል የፋብሪካ ሣር አረንጓዴ ቀለም ሲቀባ እያየን ያደግን ሰዎች ነን። ኢምሪህ ያደረገው የማናውቀው ነገር አልነበረም። ግን በዚያ ንጹሕ ጫካ ውስጥ፣ በእሳቸው ፊት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኢምሪህ ባርኔጣውን አወለቀ። «ሐሙስ መጥቼ ሳየው ደርቋል» አለ። «ልጅ ሆኜ አባቴ ከዚህ ነው ያጠጣኝ። ‹ደርቋል› ብዬ ልጽፍ ተቀመጥኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። እርስዎም ሊመጡ ነው፣ መዝገቡም ሊዘጋ ነው… ምን ልበልዎት?»

ኢንጂነሯ ወደ ቁልቁለቱ አዩ። «ይህን ሁሉ ውሃ በጀርባዎ ነው ያመጡት?»

«በጀርባዬ።»

«ተመላልሰው?»

«ተመላልሼ።»

ግንድ ላይ ተቀመጡ፣ ከቦርሳቸው ስብ የተቀባ ዳቦና ሽንኩርት አውጥተው በሰንጢ ሦስት ቦታ ቆረጡና አደሉን። በላን። ልንለያይ ስንል ብቻ «ዶክተር፣ ሽንኩርቱ አልበዛም?» አሉት። «አልበዛም፣ ክብርት ኢንጂነር» አለ ኢምሪህ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

እሑድ ሰሌዳውን ሳየው ባዶ ነው። ሰኞም ማክሰኞም ባዶ ነው። ሁለት በመቶው የሚታዘዝበት ወር እያለቀ ሄደ። ሰዉ ሰሌዳው ሥር እየተሰበሰበ ያንሾካሽካል፤ ኮርኔል ደግሞ ከረሜላውን ይዞ ብቅ አለ።

«ሴትዮዋ ታመሙ እንዴ?» አለኝ። «ምስኪን! አንተ ግን እስከዚያው ለሆኪው ፈርም፤ ምን ይጎዳሃል?»

«ዞር በልልኝ፣ ኮርኔል!»

በመጨረሻ አላስቻለኝም። አምስተኛ ፎቅ ወጥቼ በራቸውን አንኳኳሁ። ጫማዬን አስወልቀው የእንግዳ ነጠላ ጫማ ሰጡኝ፤ ስለሚያጠበኝ እግሬን እየጎተትኩ ገባሁ።

«ክብርት ኢንጂነር፣ ‹አይሸከምም› ካሉም ይለጥፉት። ሰውዬው እንቅልፍ አጥቷል።»

«እኔስ የምተኛ መሰለዎት?»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሰዎች የማይጎብጥ ድልድይ የምፈልግ ይመስላቸዋል» አሉ። «ሲጫንበት ፍንክች የማይል ድልድይ አይቼ አላውቅም። ካለም አልሻገረውም። ሁሉም ይጎብጣል፣ አቶ ጋዜጠኛ። የእኔ ሥራ የሚጀምረው መኪናዎቹ ከወረዱ በኋላ ነው። ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ወይስ እንደጎበጠ ይቀራል? ይህን ለማወቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅ እንጂ ሌላ መንገድ የለም።»

«እሱማ ይህን ቢያውቅ አሁኑኑ እውነቱን…» ብዬ ስልኬን ሳወጣ እጄን ያዙኝ። ጣታቸው እንደ ብረት ነው።

«እንዳይነግሩት! ከሥር ሆነው በእጅዎ ደግፈው ቆመ ሊሉኝ ነው? እኔም እንዲመለስ እፈልጋለሁ። ያን ሰው ወድጄዋለሁ። ስለወደድኩት ነው መጠየቅ የማልችለው።»

ወርጄ አልጋዬ ላይ ተዘረጋሁ። በሕይወቴ ብዙ ምስጢር ይዣለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ ግን የለም። ኢምሪህ ሁለት ጊዜ ደወለልኝ፤ ስልኩን አላነሳሁም። ብናገር አበላሻለሁ፣ ዝም ብል ጓደኛዬን እቀብራለሁ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ የምንጮቹን መዝገብ ከፈትኩ። «በሰው ትዝታ ደርቆ አያውቅም» የሚለው ጠፍቷል። በምትኩ እንዲህ ይላል፦ «ደርቋል። ቅዳሜ ዕለት እዚህ የፈሰሰው በበርሜል የተሸከምኩት የቧንቧ ውሃ ነበር። ደርቆ አያውቅም ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ አጣርቼ ሳይሆን ወድጄው ነው። በዚህ በኩል የምትወጡ ውሃ ይዛችሁ ውጡ። ኢምሪህ ቫላህ።»

ገና አንብቤ ሳልጨርስ ከሥሩ ሌሎች መጻፍ ጀመሩ። አንዱ «የእኔም ደርቋል፤ አፍሬ ነው ያልጻፍኩት» ይላል። ሌላዋ «ያጸዳሁት ምንጭ ውሃው ጥሩ ነው ብዬ ነበር፤ ዘንድሮ ግን አልወጣሁም፣ አላየሁትም» ትላለች። ከየተራራው፣ ከየሸለቆው፣ ስማቸውን እየጻፉ እውነቱን አወጡ። አይቼ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ማንም አላስገደዳቸው፣ የሚያገኙት የለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንባዬ መጣ።

ሊፍቱን ልጠብቅ አልቻልኩም፤ ልነግራቸው ወደ ላይ ስሮጥ ከታች ድምፃቸውን ሰማሁ። ቀድመውኝ ወርደዋል። በቤት ካፖርትና በነጠላ ጫማ ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ መርፌ ቁልፍ በጥርሳቸው ነክሰው ወረቀቷን ይለጥፋሉ። «ይሸከማል» ትላለች።

ኮርኔል ከኋላቸው ተንጠራርቶ አነበበ፣ ስልኩን አውጥቶም መዝገቡን አየ። «ቆይ እንጂ፣ ይሄ ያ ውሃ የሌለው ምንጭ አይደለም እንዴ? እሱ ነው የሚሸከመው?»

«አዎን፣ አቶ ኮርኔል» አሉ። «እሱ ነው የሚሸከመው።»

ኮርኔል ጉንጩን አከከ፣ አጉረመረመ፣ ከብብቱ አንድ ወረቀት አውጥቶ የሆኪ ክለቡን ስም ሰረዘ። «ሆኪው ቢያንስ በረዶ አለው» አለ። «እነዚህ ምስኪኖች ውሃ እንኳ የላቸውም።» ያን ሚያዝያ ሰፈሩ ሁሉ ተከተለው። የኢምሪህ መዝገብ እስከ ዛሬ አለ፤ ተራራ ስትወጡ እዩት።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ እንደ ልማዴ ሁለት በመቶዬን ላዝዝ የጋዜጣችን ሒሳብ ሠራተኛ ዘንድ ሄድኩ። ልጅቷ ሳቀችብኝ።

«አቶ አልፎንዝ፣ ጡረታ ላይ ግብር የለም እኮ! ግብር ካልከፈሉ የምኑን ሁለት በመቶ ነው የሚሰጡት?»

«ምንም የለኝም ማለት ነው?»

«ምንም። ይረፉ እንግዲህ!»

ቅር እያለኝ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ደረጃው መሐል ላይ ደርሼ እግሬ ቆመ። ኢንጂነር ኦቲሊያ ጡረታ የወጡት እኮ ያ የነዋሪዎች ስብሰባ ከመደረጉ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ከዚያ የራሴን በር አልፌ ሽቅብ ወጣሁ።

«ክብርት ኢንጂነር» አልኩ፣ ነጠላ ጫማውን ሳላጠልቅ፣ «የእርስዎ ሁለት በመቶ ለማን ነበር የሚሄደው?»

ከአንገታቸው ጀምረው እስከ ጆሯቸው ቀሉ። ሲያፍሩ ያየሁት ያኔ ነው።

«ይህን ለማን ነገሩ?» አሉኝ።

«ለማንም።»

«ለኮርኔልም?»

«ለኮርኔልም።»

«ጎሽ።»

«ግን እኮ… ያ ሁሉ ተራራ፣ ያ ሁሉ ጠብ፣ ያ ሁሉ እንቅልፍ ማጣት! አንዲት ነገር የራስዎ ሳይኖርበት? ለሰው ገንዘብ?»

«የሰው ስለሆነ ነዋ!» ብለው ተቆጡኝ። «የራሴ ቢሆን ኖሮ ለኮርኔል ሆኪ ወርውሬለት ተኝቼ ባደርኩ!»

አቅፌ ልስማቸው ፈለግሁ፤ ኢንጂነር ኦቲሊያን አቅፎ የሳመ ሰው ግን በታሪክ የለም፣ እኔም አልደፈርኩም። ቆሜ አየኋቸው። ይህች ከፖስታ ሳጥን የማትበልጥ ሴት እንዴት ያለች ትልቅ ሰው ናት!

እሳቸው ግን ሆዴን እየተመለከቱ ነበር።

«የዋሻ ካርታ በነፃ የሚያወጡ ልጆች አሉ» አሉኝ። «የአንዱን መግቢያ ‹ለማንኛውም ሰው በቂ ነው› ብለው ጽፈዋል። የእኔ ቁመት ምስክር አይሆንም። እርስዎ ግን ሆድ አለዎት። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይገናኙኝ።»

ቤቴ ገብቼ የተራራ ጫማዬን አወጣሁና ቅባት መቀባት ጀመርኩ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«በዚህ ዕድሜህ ዋሻ?» አለች። «ደግሞ ምን ልታገኝ ነው?»

«ምንም» አልኳት። እንዲያ ደስ ብሎኝ «ምንም» ብዬ አላውቅም።